ስሕተት የሚታገሥ ማሽን ግዙ
ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ፖሊሽ ማሽን ለሚገዙ ወገኖች



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምናነሣው ስለ ቪዛ፣ ስለ ግብር እና ስለ ሱቅ ኪራይ ነው። የዛሬው ጉዳይ ከእነዚህ የራቀ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ለንደን ውስጥ ሚኒካብ ወይም ጥቁር ታክሲ ለሚነዳ ወገን መኪናው ሱቁ ነው፤ ቀለሙ ደግሞ የሱቁ መስኮት። ተሳፋሪው ገብቶ ከመቀመጡ በፊት በሩን ያያል። መኪናውን ለመሸጥ በወሰደ ቀን ገዢው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ቀለሙን ይመለከታል። ባለ ሱቆችም ብትሆኑ፣ ዕቃ የምታመላልሱበት ቫን የሱቃችሁን ስም ተሸክሞ በከተማው ይዞራል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ቲ.ኤፍ.ኤል. ለመጀመሪያ ጊዜ የሚኒካብ ፈቃድ የሚሰጠው ያለ ጭስ መሄድ ለሚችል መኪና ብቻ ነው። ከሶኬት የማይሞላ ፕሪየስ ያለው ሰው ያንኑ ዓይነት ሌላ መኪና ገዝቶ አዲስ ፈቃድ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ ብዙዎች ያላቸውን ጠብቀው ማቆየት ይፈልጋሉ።

የክረምቱ ጨውና ጭቃ፣ በብሩሽ የሚያጥበውም ማሽን ተጨምሮበት፣ ጥቁሩን መኪና የሸረሪት ድር ያደራበት ሲያስመስለው «አንድ የፖሊሽ ማሽን ልግዛና ራሴ ላድርገው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። መጥፎው ጓደኛ የያዘውን አይቶ ያንኑ መግዛት ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባል የለ? ጓደኛችሁ የያዘው ማሽን ለእርሱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ግን አሥር ዓመት ጋራዥ ውስጥ የሠራ ይሆናል።

በበኩሌ መልሴ አጭር ነው። ለጀማሪ የሚሆነው ማሽን ኃይለኛው አይደለም፤ ውዱም አይደለም፤ ስሕተትን የሚታገሠው ነው። ያም ዱዋል አክሽን የሚባለው ዓይነት ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ቀለሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

ፖሊሽ መቀባት ሳይሆን መፋቅ ነው

አገር ቤት «ፖሊሽ» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን ሊስትሮው ነው። ሊስትሮ ጫማው ላይ ቀለም ይጨምራል፤ ከዚያ ወልውሎ ያንጸባርቀዋል። የመኪና ፖሊሽ ተቃራኒው ነው፤ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ጭረቱ የሚጠፋው ስለተሞላ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሽፋን እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ስለተፋቀ ነው። ጉድጓዱን አፈር ከመሙላት ይልቅ ሜዳውን በሙሉ ዝቅ እንደ ማድረግ ማለት ነው።

ለመፋቅ ያለን ምን ያህል ነው? በዛሬው ዘመን ከፋብሪካ የሚወጣ መኪና ከብረቱ በላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ክሊር ኮት የሚባል እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን አለው። ሁሉም ተደምሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ይሆናል። ማይክሮን የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ማሽኑ የሚነካው ክሊር ኮት ግን ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። የሰው ጠጉር በአማካይ ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል። እንግዲህ መላው የሥራ ሜዳችሁ ከአንዲት ጠጉር የቀጠነ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቀውም ይኸው ሽፋን ነው። ከሳሳ በኋላ ውሎ አድሮ ይነጣል፣ ይላላጣል፤ ያን ጊዜ መፍትሔው ፖሊሽ ሳይሆን እንደገና ማስቀባት ነው።

አዲስ አበባ በላዳ ታክሲ ዘመን የሠሩ አንባብያን ሌላ ልማድ ያስታውሳሉ። ያኔ ብዙዎቹ መኪኖች ክሊር ኮት የሌለው ነጠላ ቀለም ነበራቸው። ሲፈተጉ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም ነጭ ይሆናል፤ ሠራተኛውም ምን ያህል እንደፋቀ ከጨርቁ ያውቃል። ክሊር ኮት ግን የራሱ ቀለም የለውም፤ ሲያልቅ ጨርቁ አያስጠነቅቅም። ጨርቁ ላይ የመኪናው ቀለም መታየት ከጀመረ ያስጠነቀቀው ከረፈደ በኋላ ነው። በላቫጆና በጋራዥ የለመድነው ዓይን እዚህ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ መኪናው የማን ነው? በሳምንት ኪራይ የምትነዱት ከሆነ ማሽን አትግዙ። የሌላ ሰውን ንብረት በራሳችሁ ገንዘብ ለማሳመር ስትሉ የቀለሙን ዕዳ በራሳችሁ ላይ ታመጣላችሁ። አከራዩ ቢስማማም እንኳ በጽሑፍ ይስጣችሁ። በፋይናንስ የወሰዳችሁት መኪናም የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ድረስ የእናንተ አይደለም። መኪናውን ለመመለስ ካሰባችሁ፣ በፖሊሽ የሚጠፋ ጭረትና እስከ ፕራይመር የደረሰ ጭረት በሒሳቡ ላይ አንድ አይደሉም። ለመለየት ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ በእርጋታ አሻግሩ። ጥፍሩ ከተያዘ ጭረቱ ጥልቅ ነው፤ በማሽን ላጠፋው ብትሉ ሽፋኑን ትጨርሱታላችሁ።

ሁለተኛ፣ ከቀለሙ ምን ያህል ቀርቷል? የቀለም ውፍረት መለኪያ የሚባል እንደ እጅ ስልክ ያለ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከማሽኑ በፊት እርሱን ግዙ ወይም ተዋሱ። በየበሩ፣ በኮፋኖውና በፓራፋንጎው ላይ አምስት አምስት ቦታ ለኩና ጻፉ። ቁጥሩ በ100 እና በ150 መካከል ከሆነ የተለመደ ነው። ከ80 በታች ካያችሁ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ፍቆታልና ማሽን አታስነኩት። ከ300 በላይ ካያችሁ እንደገና የተቀባ፣ ምናልባትም ከሥሩ እስቱኮ ያለበት ነው። ይህ መሣሪያ ሌላ መኪና በምትገዙበት ቀንም የግጭት ታሪክ ይነግራችኋል።

መለኪያውን ስትመርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርካሾቹ ብረትን ብቻ ያነባሉ፤ የፕሪየስ ኮፋኖ ደግሞ አሉሚኒየም ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚያነብ ይሁን። በፕላስቲክ ፓራውልት ላይ ግን ሁለቱም አይሠሩም። መሣሪያው የሚነግራችሁ የሁሉንም ሽፋን ድምር እንጂ የክሊር ኮቱን ብቻ እንዳልሆነም አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የት ቆማችሁ ትሠራላችሁ? ብዙ የለንደን ሰው ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ገመድ አውርዶ በእግረኛ መንገድ ላይ ማሳለፍ ሰው ይጥላል፤ ቢጥል ተጠያቂው እናንተ ናችሁ። ፀሐይ ባጋለው ብረት ላይ መሥራትም አይቻልም፤ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቃል። በዝናብም እንዲሁ። ጣሪያና መብራት ያለው ጋራዥ ለአንድ ቀን የሚሰጣችሁ ወዳጅ ካለ ሥራው ግማሽ ተጠናቀቀ ማለት ነው። ከሌለ፣ የምትገዙት ማሽን በባትሪ የሚሠራ ሊሆን ይገባል።

ሁለቱ የማሽን ዓይነቶች

ገበያው ላይ ስም ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን በዋናነት በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ሮታሪ ነው። እንደ ግራይንደር በአንድ ዘንግ ላይ ይሽከረከራል፤ ስትጫኑትም አይቆምም። ኃይሉ ይህ ነው፤ አደጋውም ይኸው ነው። አንድ ቦታ ጥቂት ከቆየ ሙቀት ይጠራቀማል። በተለይ በኮፋኖ ጠርዝና በበር መታጠፊያ ላይ ሽፋኑ ይሳሳልና፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ እስከ ፕራይመር ሊደርስ ይችላል። ፓራውልትም ፕላስቲክ በመሆኑ ሙቀቱን እንደ ብረት አያሰራጭምና ቶሎ ይጎዳል። ሥራው በደህና ቢያልቅ እንኳ ያልሠለጠነ እጅ በቀለሙ ላይ ሆሎግራም የሚሉትን ዱካ ይተዋል። ጥላ ውስጥ አይታይም፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን መኪናው ሁሉ የተጠረገ ወለል ይመስላል።

ሁለተኛው ዱዋል አክሽን ነው፤ ባጭሩ ዲ.ኤ. ይሉታል። ስፖንጁ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ በዚያው ጊዜ ከመሐል ፈንጠር ብሎ በትንሽ ክብ ይዞራል። ምድር በራሷ ዛቢያ እየዞረች ፀሐይንም እንደምትዞር ነው። ቁም ነገሩ፣ በራሱ ዙሪያ የሚያደርገው ሽክርክሪት በጥርስ የተያዘ አለመሆኑ ነው። አብዝታችሁ ከተጫናችሁት ወይም በጠርዙ ካጋደላችሁት ስፖንጁ መሽከርከሩን ትቶ ይንቀጠቀጣል። ጀማሪ ይህን ሲያይ «ማሽኑ ደካማ ነው» ይላል። ደካማ አይደለም፤ «እጅህን አቅልል» እያለ ነው። ሮታሪ ግን ሳይናገር ይቆርጣል።

በመካከል ሦስተኛ ዓይነት አለ። እንደ ጀርመኑ ፍሌክስ ኤክስ.ሲ. 3401 ያለው፣ ሁለቱንም ዙረት በጥርስ የሚያስገድድ ዲ.ኤ. ነው። ብትጫኑትም አይቆምም፤ ከተራው ዲ.ኤ. ይልቅ ጭረት በፍጥነት ያነሣል፤ የዚያኑ ያህል ያሞቃል። መልካም ማሽን ነው፤ ለሁለተኛ ግዢ ይቆይ።

«ባለሙያዎቹ ሮታሪ ይዘው የለም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፤ ቀለም ቀቢ ጋራዦች በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሱትን አዲስ ቀለም ለማብራት ሮታሪን ይመርጣሉ። ባለሙያው ግን ቀለሙን ቢያበላሽ እንደገና የሚቀባበት ክፍል ከኋላው አለ። እናንተ ከኋላችሁ ያለው ሰኞ ጠዋት ሥራ መውጣት ነው።

ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች

ዲ.ኤ. ለመግዛት ከወሰናችሁ በኋላ አራት አምስት ቁጥሮች ታገኛላችሁ።

ዋናው ስፖንጁ ከመሐል ፈንጠር የሚልበት ርቀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 8፣ 15 ወይም 21 ሚሊሜትር ይሆናል። የጣልያኑ ሩፔስ በባለ 15ና በባለ 21 ማሽኖቹ ታውቋል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ሰፊና ጠፍጣፋ ቦታ ቶሎ ይሠራል፤ ጎባጣ ቦታ ላይ ግን ስፖንጁ ቶሎ ይቆማል። አንድ ማሽን ብቻ ለሚገዛ ሰው ከ8 እስከ 15 ያለው ይበቃል። ባለ 21ን ለቫን ባለቤቶችና ለባለሙያዎች ተዉላቸው።

ስፖንጁ የሚለጠፍበት ሰሐን 125 ሚሊሜትር፣ ማለትም 5 ኢንች ይሁን። ከዚህ የሰፋው በበሩ እጀታና በመስተዋቱ ዙሪያ አይገባም።

በዋት አትታለሉ። ለዲ.ኤ. ከ500 እስከ 900 ዋት በቂ ነው። በደቂቃ የሚጻፈው ቁጥርም እንዳያስደነግጣችሁ። በዲ.ኤ. ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የትንሿ ክብ ዙረት ስለሆነ 5,000 እና 6,000 ሊደርስ ይችላል፤ በሮታሪ ላይ የሚጻፈው 2,000 ግን እውነተኛ ሽክርክሪት ነው። ሁለቱን አታወዳድሩ። የሚያስፈልጋችሁ ፍጥነቱ ከ1 እስከ 6 የሚቀያየር፣ ሲነሣም ቀስ ብሎ የሚጀምር መሆኑ ነው።

ክብደቱን ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ያዙት። 2 ኪሎ ተኩል ሲነሣ ቀላል ነው፤ በር ላይ በጎን ይዘውት አንድ ሰዓት ሲቆዩ ግን ሌላ ነው። መመሪያው ላይ የንቅጥቅጡን መጠንም ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የብሪታንያ የሥራ ቦታ ደንብ በስምንት ሰዓት አማካይ 2.5 ሜትር በሴኮንድ ስኩዌር ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ ያዛል፤ 5 ደግሞ ማለፍ የማይፈቀድበት ወሰን ነው። መሪ ይዞ ለሚያድር እጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጣታችሁ ከደነዘዘ አቁሙ።

አሁን ደግሞ ለእኛ ለስደተኞች የተለየ ማስጠንቀቂያ። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ያለ ዘመድ «እዚህ ርካሽ ነው፣ ልላክልህ» ይላል። የአሜሪካ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእንግሊዝ ሶኬት 230 ቮልት ነው። ለትልልቅ ዕቃ የሚሆን ትራንስፎርመር ካልገዛችሁ ማሽኑ በአንድ ቀን ይቃጠላል፤ ትራንስፎርመር ከገዛችሁም ርካሽነቱ ጠፋ። እዚህ የተገዛ ማሽን ግን መሰኪያው ተቀይሮ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፤ ኢትዮጵያ 220 ቮልት ነውና።

ገመድ ወይስ ባትሪ? ቤቱ ግቢ ያለው ሰው ገመዱን ይምረጥ፤ ርካሽ ነው፣ አያልቅም። ኤክስቴንሽኑን ግን ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል። መስመሩም ድንገት ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ የሚያጠፋው አር.ሲ.ዲ. ይኑረው። ግቢ የሌለው ሰው ባትሪውን ይምረጥ። ማኪታ፣ ዲዋልት ወይም ሚልዋኪ የሚጠቀም ባለ ሱቅ ካለ፣ ያለው ባለ 18 ቮልት ባትሪ በዚያው ኩባንያ ፖሊሽ ማሽን ላይ ስለሚገጥም ባዶውን ማሽን ብቻ መግዛት ይችላል። አንድ ባትሪ ግን መኪና አይጨርስም፤ ቢያንስ ሁለት አዘጋጁ።

በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ ባትወዱት በ14 ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ። ከነጋዴ ገዝታችሁ ብልሽት ከተገኘበት በ30 ቀን ውስጥ መልሳችሁ ገንዘባችሁን ትቀበላላችሁ። በቡት ሴል ከመንገደኛ የተገዛ ማሽን ግን ደረሰኝ የለውም፤ መብቱም ከሻጩ ጋር ይሄዳል።

ገንዘባችሁን በምን ላይ ታውሉታላችሁ?

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ያለውን ገንዘብ ሁሉ ማሽኑ ላይ ያውልና ሁለት ስፖንጅ ይገዛል። እኔ የምለው ግማሹን ለማሽኑ፣ ግማሹን ለሌላው ነው። ሌላው የምለው ይህን ነው፦ አምስት ስድስት ስፖንጅ፣ አንድ መካከለኛ መፍጫ ፖሊሽ፣ አንድ ለስላሳ ማጨረሻ፣ ደርዘን የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ የጎማ ጠርዞችንና አርማዎችን የሚሸፍን ቴፕ፣ ጠንካራ የእጅ ባትሪ መብራት፣ የዓይን መነጽር፣ በመጨረሻም ሰም። ስፖንጁ በፈጨው ነገር ሲሞላ መቁረጡን ትቶ መቧጨር ይጀምራል፤ ስለዚህ ነው ብዙ የሚያስፈልገው። ይህን ሁሉ በዱቤ መግዛት ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው። መኪናው ሳይንጸባረቅ አንድ ወር ቢቆይ አይሞትም።

ለመጀመሪያ ቀን ደግሞ ከመኪና ማራገፊያ ቦታ አንድ አሮጌ ኮፋኖ ገዝታችሁ በእርሱ ላይ ልመዱ። ከዚያ የራሳችሁን መኪና በሁለት ባልዲ፣ አንዱን ለሳሙና አንዱን ለማለቅለቅ አድርጋችሁ፣ እጠቡ፤ የተጣበቀውን ቆሻሻ በክሌይ አንሡ። ከዚያም 50 በ50 ሴንቲሜትር የሚሆን አንድ ቦታ ምረጡና በለስላሳው ስፖንጅ በለስላሳው ፖሊሽ ሞክሩ። ካልበቃ ብቻ ወደሚቀጥለው ከፍ በሉ። ከኃይለኛው መጀመር አገር ቤት ለራስ ምታት ቀዶ ጥገና እንደ መጠየቅ ነው። እጃችሁ በሴኮንድ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ብቻ ይሂድ፤ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ሥራ ይመስላል። ጭረት ሁሉ ካልጠፋ ብላችሁ አትከራከሩ። ሰባ ከመቶው ከጠፋ መኪናው አምሯል፤ የቀረው ሽፋን ለሚመጣው ዓመት ይቀመጥ።

የፊት መብራት መስተዋትም ለዚህ ማሽን ይመቻል። በቲ.ኤፍ.ኤል. ፈቃድ የሚሠራ ሚኒካብ በዓመት ሁለት ጊዜ ኤም.ኦ.ቲ. ማለፍ አለበት፤ የደበዘዘ መብራት ደግሞ ሊያስጥል ይችላል። በ75 ሚሊሜትር ትንሽ ስፖንጅ በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ነገር ግን ፕላስቲኩን ከፀሐይ የሚጠብቀውን ሽፋን ስለምታነሡበት መከላከያ ካልቀባችሁት ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይደበዝዛል።

ሒሳቡንም በቅንነት እናውጣው። ጀማሪ አንድ መኪና ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ለሾፌር የሁለት ቀን ሥራ ማጣት ገንዘብ ነው። መኪናችሁን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የምታሠሩ ከሆነ ለባለሙያ ከፍላችሁ ሥራችሁን መሥራት ያዋጣል። ማሽኑ የሚያዋጣው ሁለት ሦስት መኪና ላለው ቤተሰብ፣ ወይም አብረው ገዝተው ለሚጋሩ ሦስት አራት ጓደኛሞች ነው። በዕቁብ ቤት የለመድን ሰዎች ለዚህ አንቸገርም።

ለሌላ ሰው በገንዘብ ለመሥራት ያሰባችሁ

ማሽን የገዛ ሰው ብዙም ሳይቆይ «የእኔንም ሥራልኝ» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ፖሊሹ ወደ ዓምዳችን ዋና ጉዳይ የሚመለሰው።

በመጀመሪያ ወረቀታችሁን እዩ። ዜግነት ወይም የዘላቂ መኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ በስደተኝነት የታወቀ፣ በትዳር ቪዛ ያለ ሰው የራሱን ሥራ መሥራት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ ግን በራሱ ስም ንግድ መሥራት አይፈቀድለትም። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅም እንዲሁ፤ የሥራ ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ የራስ ንግድን አይጨምርም። በአሠሪ ስፖንሰርነት የመጣችሁ፣ ለምሳሌ በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ፈቃዳችሁ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነውና ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ሳትጠይቁ አንዲት መኪና በክፍያ አትንኩ። «ቅዳሜ ብቻ ነው፣ ለወዳጅ ነው» የሚለው መልስ ገንዘብ ከተቀበላችሁ አያድንም። ለ60 ፓውንድ ሲባል የብዙ ዓመት ቪዛ አደጋ ላይ አይጣልም።

ረዳት የምትቀጥሩ ከሆነ ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የመሥራት መብቱን በመንግሥቱ ሥርዓት አረጋግጡ፤ ማስረጃውንም አስቀምጡ። ፈቃድ የሌለውን የቀጠረ ሰው ቅጣት እ.ኤ.አ. ከየካቲት 13 ቀን 2024 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሠራተኛ እስከ 45,000 ፓውንድ፣ ለደጋሚ እስከ 60,000 ፓውንድ ደርሷል። የእጅ መኪና ማጠቢያዎች በመንግሥት ዓይን ውስጥ ከገቡ ቆይተዋል፤ የፓርላማው የአካባቢ ጥበቃ ቁጥጥር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ እነርሱ ራሱን የቻለ ዘገባ አውጥቷል።

ሁለተኛ፣ ግብር። በዓመት እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርስ የንግድ ገቢ ከግብር ነፃ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ይህ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ አይደለም፤ የንግድ ገቢያችሁ ሁሉ ተደምሮ ነው። ሚኒካብ በራሱ ስም የሚነዳ ሰው ያንን በታክሲው ገቢ አልፎታልና የፖሊሹን ገቢ ከመጀመሪያዋ ፓውንድ ጀምሮ ማስመዝገብ አለበት። የመኪናችሁን ወጪ በማይል ተመን የምታሰሉ ከሆነም የራሳችሁን መኪና ፖሊሽ እንደ ተጨማሪ ወጪ ከማስገባታችሁ በፊት የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ቦታው። በመንገድ ላይ መኪና መጠገንን፣ መንከባከብንና ማሻሻልን እንደ ንግድ መሥራት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የሠፈር ንጽሕና ሕግ የተከለከለ ነው። የታጠበበት ውኃም ዝም ብሎ ወደ መንገድ ቦይ አይለቀቅም፤ ብዙው የዝናብ ቦይ ሳይጣራ ወንዝ ይገባልና። የንግድ እጥበት ውኃን ወደ ፍሳሽ መስመር ለመልቀቅ የቴምስ ወተር ፈቃድ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ ኢንሹራንስ። የታክሲ ኢንሹራንሳችሁ እጃችሁ ላይ ያለውን የሰው መኪና አይሸፍንም። ተራው የንግድ ተጠያቂነት ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ የምትሠሩበትን ዕቃ ራሱን አይጨምርም። ስትገዙ «ኮፋኖውን ባቃጥለው ትከፍላላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጽፌ ሐሳቤ አልተለወጠም። መኪናው የራሳችሁ ከሆነ፣ ቀለሙ ከተለካ፣ የምትሠሩበት ጥላ ካለ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዱዋል አክሽን ግዙ፤ የተረፈውን ገንዘብ በስፖንጅና በጨርቅ ላይ አውሉ። ሮታሪውን ሲያባብሏችሁ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» በሏቸው። ጤፍ ቢፈስ ይለቀማል፤ የተፋቀ ክሊር ኮት ግን ተለቅሞ አይመለስም።

ቸር ይግጠመን።